ጋቢና የማን ነው?

ፀጉር ቤቴ ውስጥ ቴሌቪዥኑ የሚዘጋው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሐዋሳ፣ አረብ ሰፈር ነኝ። ሦስት ወንበር፣ ሁለት ካስክ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ቴሌቪዥን። ከሰዓት በኋላ ሪሞቱ የኔ አይደለም፤ የደንበኛ ነው። ደንበኛ ደግሞ የምትመርጠው ወይ ተከታታይ ድራማ ነው ወይ ውድድር። የዘፈን ውድድር፣ የዳንስ ውድድር፣ የምግብ ውድድር፣ ደሴት ላይ ተጥለው የሚራቡ ፈረንጆች ውድድር።

አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ምንም አትሰማም። ማሽኑ ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። እንደዛም ሆና የዘፈን ውድድር እያየች «ይሄ ልጅ ማለፍ አለበት!» ትላለች። እየጮኸች ነው የምትለው፣ የራሷንም ድምፅ ስለማትሰማ። ልጁ ሲዘፍን አንድ ስንኝ አልሰማችም። ያየችው ፊቱን ነው፤ የዳኞቹን ፊት ነው፤ እናቱ ከመድረክ ጀርባ እንባዋን ስትጠርግ ነው። ይገርማችኋል፣ ብዙ ጊዜ ግምቷ ልክ ይሆናል። ልጁ ያልፋል።

ይሄን ለዓመታት እንደ ቀልድ ነበር የማወራው። የባሌ ተራሮች ደርሰን ከመጣን በኋላ ግን ቀልድነቱ ቀነሰብኝ።

በዐቢይ ጾም የኛ ሥራ ይቀዘቅዛል። ሰርግ የለም። ሙሽራ የለም፣ ሚዜ የለም፣ የሙሽራ እናት የለችም። በ2017 ደግሞ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመው ስለነበር ጭር ያለው የክርስቲያኑ ብቻ ሳይሆን የሙስሊሟም ደንበኛዬ ወንበር ነው። የቤት ኪራይ ብቻ አይጾምም። ወንድሜ አንድ ቀን መጣና «ዝንብ እሽ እያልሽ ከምትውይ ለምን ባሌ አንሄድም?» አለኝ። ሐሙስ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሳን። ወንድሜ ሹፌር፣ እማዬ፣ እኔ፣ የእህቴ ልጅ ማሙሽ። ማሙሽ 23 ዓመቱ ነው፤ ስሙ ግን አልለቀቀውም። መኪናዋ ቪትዝ ናት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ነው ያለችው፤ የምንሄድበት ሳነቴ ደግሞ 4,000። ጎረቤቴ ቪትዟን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ሻሸመኔ ሳንደርስ ማሙሽ ሕግ አወጣ። ጋቢና በድምፅ ነው የሚያዘው። በቆምንበት ከተማ ሁሉ እያንዳንዱ ሰው ከጋቢና ማን ይውረድ የሚለውን በወረቀት ይጽፋል፣ አንድ ሰው ወረቀቶቹን ጮክ ብሎ ያነባል። ወረቀት ስላልነበረን የፀጉር ቤቴን ቢዝነስ ካርድ ጀርባ ተጠቀምን። ማሙሽ ደግሞ ሁሉንም ይቀርጻል። ሰርግ ቪዲዮ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ነው፤ እሱም በጾም ሥራ የለውም።

ሕጉን ያመጣው ሰርቫይቨር ከሚባለው ውድድር ነው። መጀመሪያ በ1997 እ.ኤ.አ. ስዊድኖች በሌላ ስም ጀመሩት፤ አሜሪካኖች በ2000 ወሰዱት። ያኔ 16 ሰው፣ 39 ቀን፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። በየተራ እየተመራረጡ ይባረራሉ። እኔ እዚህ ውድድር ላይ የምወደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ግን በጣም እወደዋለሁ። መጨረሻ ላይ ሁለት ወይ ሦስት ሰው ሲቀር አሸናፊውን የሚመርጡት ራሳቸው የተባረሩት ናቸው። ያስወጣኸው ሰው ነው የሚሸልምህ። የመጀመሪያው የአሜሪካ ውድድር 4 ለ 3 ነው ያለቀው። ቤቱ ተቀምጦ በስልክ መልእክት ድምፅ የሚልክ ተመልካች «የኛ ከተማ ልጅ ነው» ብሎ ይመርጣል፤ እኔም አድርጌዋለሁ፣ አልዋሽም፣ የሞላሁትን ካርድ ጨርሼበታለሁ። የተባረረ ሰው ግን የሀገር ልጅ አይልም። እንዴት እንዳባረርከው ያውቃል።

እኔ ጋ ሠርተው ወጥተው የራሳቸውን ቤት የከፈቱ ሦስት ልጆች አሉ። እነሱ ቢዳኙኝ ብዬ አንዳንዴ አስባለሁ። ሁለት ለአንድ ሳላሸንፍ አልቀርም። አንዷ አትመርጠኝም። ልክም ናት።

ሻሸመኔ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ ሲኖትራክ፣ ሁሉም ቅድሚያ የኔ ነው የሚል። ከዛ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ወደ ኮፈሌ መውጣት ስንጀምር አየሩ ተቀየረ። የሐዋሳ ሰው ብርድ ሲያይ ወሬው ይቆማል። መስኮት ዘጋን። አረንጓዴ ሜዳ፣ ጭጋግ፣ ጋቢ ተከናንቦ ፈረስ ላይ ያለ ሽማግሌ፣ ከኋላው ውርንጭላ። እማዬ ጋቢና ነበረች። «ጉልበቴ ታጠፈብኝ፤ ኋላ ብሆን እግሬን እዘረጋ ነበር» እያለች ነው የመጣችው። ኮፈሌ ስንቆም ምርጫ ተደረገ። እማዬ መነጽሯን ረስታ ስለነበር ካርዷን እኔ ጻፍኩላት። «ማንን ልጻፍልሽ?» ስላት ጮክ ብላ «እኔን ነዋ!» አለች። ምስጢራዊነቱ እዛው ሞተ። ካርዶቹን እኔ አነበብኩ። «እማዬ ትውረድ። እማዬ ትውረድ። እማዬ ትውረድ። እማዬ ትውረድ።» 4 ለ 0። እማዬ ሳቀች፣ ኋላ ገብታ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጭኔ ላይ ዘረጋች። ጋቢናው ለማሙሽ ደረሰ። ይሄን ትዕይንት ያዙልኝ።

ዶዶላና አዳባ ስንዴ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ስንዴ ነው። ምግብ ቤቶቹ በረመዳን ቀን ላይ ዝግ ናቸው። እኛም የያዝነው ዳቦ ቆሎና በሶ ስለሆነ አልተቸገርንም። እማዬ እንደውም ደስ አላት። «ሀገሩ ሁሉ ሲጾም ጾም ይቀላል» አለች።

ዲንሾ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋ መግቢያ ከፍለን አስጎብኚ ያዝን። ጥዱና ኮሶው ሥር የደጋ አጋዘን ቆሞ ያየናል። ቀንዱ የተጠማዘዘ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ልክ እንደ በግ የለመደ። ይሄ እንስሳ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ከርከሮ ደግሞ በእግራችን መሀል ሊያልፍ ምንም አልቀረውም። ባሌ በ2016 መጀመሪያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል፤ ከርከሮው ይሄን የሰማ ነው የሚመስለው፣ አረማመዱ ኩራት አለው። አስጎብኚው መኪናችንን ዞር ብሎ አየ፣ እኛን አየ፣ ምንም ሳይናገር ጋቢና ገባ። ያለ ድምፅ። እስከ ጉዞው መጨረሻ አልወረደም።

ሮቤ ነው ያደርነው። ሦስት ብርድ ልብስ ለብሼ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። መብራት ጠፍቷል። አራታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ሻማ ከበን ተቀምጠናል። እማዬ ድንገት ማሙሽን «እስቲ ያን ጊዜ የዘፈንከውን ዝፈነው» አለችው።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ የዘፈን ውድድር የምጠላ ሰው አይደለሁም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ኢትዮጵያን አይዶል በኢቲቪ ሲተላለፍ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት፤ ውስጥ መቀመጫ ስለማይተርፍ። ዳኛ ሰውን ፊት ለፊት «አትችልም» ሲል ሰምቼ የደነገጥኩት ያኔ ነው። በኛ ቤት የዘመድ ልጅ ምንም ቢዘፍን «ጎሽ!» ተብሎ ነው የሚጨበጨብለት። ዳዊት ጽጌ ባላገሩ አይዶልን ያሸነፈ ጊዜ ደግሞ ፀጉር ቤቱ ውስጥ እልል ብለናል። ፋና ላምሮት ሲኖር ቀጠሮ የሚያዛውሩ ደንበኞች አሉኝ። እነዚህ መድረኮች ባይኖሩ ማንም የማይሰማቸው ልጆች ተሰምተዋል። ይሄን አልክድም።

ነገር ግን ማሙሽ ከጥቂት ዓመት በፊት አንድ ውድድር ላይ ተመዝግቦ ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ ከሰዓት ገባ። እኛ ቤት ተሰብስበን ቀኑን ጠበቅን። የታየው 11 ሰከንድ ነው። ድምፁ ሲሰበር፣ አንዷ ዳኛ ፊቷን ስትሸፍን፣ ከላይ ደግሞ የአህያ ጩኸት ተጨምሮበት። እኔ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ላይ ቢጎዲን እየጠቀለልኩ ነበር። ፀጉር ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ልጁ የእህቴ ልጅ እንደሆነ አያውቁም። እኔም ሳቅሁ። አዎ። አፌ ሳይነግረኝ ሳቀ። ለብዙ ወር የሰፈር ባጃጅ ነጂዎች ሲያልፍ አህያ ይጮሁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ማናችንም ግን እውነት እንደዛ ነው ወይ የዘፈንከው ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

ሮቤ ላይ ነው የሰማነው። መጀመሪያ የራሱን ምርጫ ዘፍኗል። ዳኞቹ ዝም ብለው ሰሙት፣ አንዱ በጣቱ ጠረጴዛ እየመታ። ከዛ «ሌላ ጨምር» አሉት። ጨመረ። «በጣም ከፍ አድርገህ ሞክር» አሉት። ከፍ አደረገ፤ ተሰበረ። አብረው ሳቁ፣ እሱም ሳቀ፣ «በርታ፣ ተመልሰህ ና» ተብሎ ተሰናበተ። ፊቷን የሸፈነችው ዳኛ እያሳላት ነበር። የሆነው ሁሉ ሆኗል፤ ማንም ውሸት አልተናገረም። የተቆረጠው ብቻ ነው ሌላ ታሪክ የሆነው።

መቀሱ ለክፋት ብቻ አይደለም። ሱዛን ቦይል የምትባለዋን ስኮትላንዳዊት ብዙዎቻችሁ አይታችኋታል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የ47 ዓመት ሴት መድረክ ላይ ስትወጣ ሰዉ ያሾፋል፣ ከዛ አፏን ስትከፍት ሁሉም ይቆማል። ዛሬም አንዷ ደንበኛዬ በየሳምንቱ ታሳየኛለች። አስተውሉ፣ ከዘፈኗ በፊት የሚያሾፉትን ፊቶች አንድ በአንድ ያሳዩናል። ፊቶቹ ባይኖሩ ዘፈኑ ጥሩ ዘፈን ብቻ ነበር። እሷን ከፍ ያደረጋትና ማሙሽን የጣለው አንድ ዓይነት እጅ ነው። እሷም ብትሆን መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ነው የወጣችው፤ አንደኛ የሆኑት ዳንሰኞች ናቸው። ያንን የሚያስታውስ የለም።

እና ማሙሽ ዘፈነ። እማዬ «ጾም ስለሆነ ቀስ ብለህ» ብላው ስለነበር በሹክሹክታ ነው የዘፈነው። ቆንጆ ነበር። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

በማግስቱ ከጎባ ወደ ሳነቴ ስንወጣ ቪትዟ ሁለት ጊዜ ቆመች። ወንድሜ እሷን በቁልምጫ ሲለምናት ሰማሁ፤ ሚስቱን እንደዛ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም። መንገዱ ኮረት ነው። መጀመሪያ ዛፍ አለ፣ ከዛ ቁጥቋጦ፣ ከዛ ምንም። ሜዳ፣ ድንጋይ፣ ኩሬ፣ ንፋስ፣ እዚህም እዚያም ጅብራ እንደ ሰው ቆሞ። ራሴን ያዘኝ። አናቴን በሁለት እጁ የሚጨምቅ ሰው ያለ ይመስል። እማዬ በ70 ዓመቷ ምንም አልሆነችም፤ ጤና አዳም አፍንጫዬ ላይ እየያዘች «ትንፋሽሽን አትሩጪበት» ትለኛለች። ድንች ልንቀቅል በትንሿ ቡታጋዝ ጣድን። እዛ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ86 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይንተከተካል ግን ቶሎ አያበስልም። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሲል እማዬ ድንቹን በሹካ ወግታ «ይሄስ ድንጋይ ነው» ብላ ውሃውን ደፋችው። ያን ቀን ምሳችን በሶ ነበር።

ቀይ ቀበሮውን መጀመሪያ ያየው አስጎብኚው ነው። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል አለን፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂዎቹ 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የሚገድላቸው አዳኝ አይደለም፤ የከብት ጠባቂ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በቡድን ነው የሚኖሩት፤ የአንዷን እናት ግልገሎች ሁሉም ያሳድጓቸዋል፤ ምግብ ሲፈልጉ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው የሚወጣው። የኛው አንድ የፍልፈል ጉድጓድ ፊት ቆመ። ጆሮውን ወደ ፊት አድርጎ፣ አንድ እግሩን አንስቶ። ማሙሽ ካሜራውን መኪናው ላይ ደግፎ ለቀቀው። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። ማንም አላወራም። ራስ ምታቴን ረሳሁት። ቀበሮው ዘለለ፣ አፉን ጉድጓዱ ውስጥ ከተተ፣ ባዶውን አወጣው። ዙሪያውን አየት አድርጎ ወደ ሌላ ጉድጓድ ሄደ።

ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፤ ከባሌ ተራሮች ከፍተኛው። ቪትዟን አልደፈርናትም፣ ከታች ሆነን አየነው። ሬድዮ ማማ አለበት፤ ከሩቅ መርፌ የተሰካበት ሹሩባ ይመስላል። ከዛ ወደ ሐረና ቁልቁል ወረድን፤ ጠምዘዝ ጠምዘዝ እያለ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ከብርድ ወደ ጫካ። የአስታው ዛፍ ላይ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። እጄ መቀስ ፈለገ። ሪራ ላይ ማርና ቡና ገዝተን ተመለስን። የመልሱን መንገድ አልተርክም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት።

በሳምንቱ ማሙሽ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። ሦስት ቀን ማለት 72 ሰዓት ነው። ሰርቫይቨርም መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀኑን ነው አርባ ደቂቃ ገደማ ያደርግ የነበረው። የኛው 3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሆነ። ሙዚቃው ያስፈራል። እማዬ ጋቢና ተቀምጣ በመስኮት በኀዘን ትመለከታለች። (ሻሸመኔ ላይ ነው፤ የጋሪ ፈረስ ሲገረፍ አይታ ነው ያዘነችው።) ከዛ የኔ ፊት፣ ራሴን ሳነቴ ላይ ሲያመኝ የተኮሳተርኩት። ከዛ የኔ ድምፅ፦ «እማዬ ትውረድ። እማዬ ትውረድ። እማዬ ትውረድ።» እማዬ መሬት መሬቱን እያየች ከመኪና ትወርዳለች። የረገፈ ዳቦ ቆሎ እየፈለገች ነበር። ቀበሮው 6 ሰከንድ ደረሰው።

ዱባይ ያለችው የአጎቴ ልጅ ደወለች። «እናትሽን ከጋቢና አወረድሻት?» የእማዬ የማኅበር ሴቶች ሰላምታቸው ቀዘቀዘ። አንዷ ደንበኛዬ ቢጎዲን እየጠቀለልኩላት በመስታወቱ ውስጥ ስታየኝ ቆይታ «እናት እኮ አንድ ናት» አለችኝ። ካርዱን ራሷ ናት ያስጻፈችኝ ብል ማን ያምነኛል? እማዬ ደግሞ እየዞረች «ልጄ ምንም አላደረገችኝም» ስትል የባሰ ሆነ። የተጎዳች እናት የምትለው እንደዛ ነዋ።

ማሙሽን ጠራሁት። «አንተን ያደረጉህን ነው እኮ እኔን ያደረግከኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ አክስቴ» አለኝ። «ከማን የተማርኩት መሰለሽ?»

አልተቆጣሁም። ያልተቆረጠውን ሁሉ በፍላሽ አምጣ አልኩት፤ አመጣ። አሁን ከሰዓት በኋላ ሪሞቱን ቀምቼ እሱን ነው የምከፍተው። የኮፈሌው ምርጫ ሙሉውን አለ፣ የእማዬ «እኔን ነዋ!» ጭምር። የመኪና መስኮት ጠራጊ ብቻ የሚታይበት 9 ደቂቃ አለ። መጀመሪያ «ኧረ ቀይሪው» የሚል ጩኸት ነበር። ትናንት አንዲት አስተማሪ ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ሆና ቀበሮው ላይ ደረሰች። ካስኩ ጮኾ ጨርሶ ራሱ ጠፋ። ፀጉሯ ከደረቀ ቆይቷል። ትከሻዋን ነካ አድርጌ «ውጪ እንጂ» ስላት በእጇ ቆይ አለችኝ፣ ዓይኗን ከጉድጓዱ ሳትነቅል።